ለሜዳና ለአደን የሚሆኑ መነጽሮችና ቁሳቁሶች አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለሜዳ ጉዞ፣ የዱር እንስሳትን ለመመልከትና ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ለማደን የሚያገለግሉ መነጽሮች በዓይነትም በዋጋም እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ደግሞ የማጉላት አቅማቸውን ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የሚነሡት ከሌላ መለኪያ ነው። የመነጽር ዋጋ የሚታወቀው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ፣ እንስሳት ከተሸሸጉበት በሚወጡበትና ብርሃን በሚያንስበት ሰዓት፣ ያየነው ነገር ምን እንደሆነ ሳንጠራጠር ለመለየት ሲያስችለን ነው።

ገንዘቤ ውስን ቢሆን ከሁሉ አስቀድሜ ምን ልግዛ?

ባለሁለት ዓይን መነጽር፣ ማለትም ባይኖኩላር፣ ይቅደም። በአንድ የአደን ቀን ውስጥ ጠመንጃ ወደ ትከሻ የሚነሣው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ብዙ ቀንም ጨርሶ አይነሣም። ባይኖኩላሩ ግን ከንጋት እስከ ምሽት ከዓይን አይለይም፤ ሸንተረሩን፣ የዛፉን ጥላና የቁጥቋጦውን ጠርዝ እየደጋገምን የምንፈትሸው በእርሱ ነው። ስለዚህ ለጠመንጃው ውድ የማነጣጠሪያ መነጽር ገዝቶ በተረፈው ገንዘብ ባይኖኩላር መፈለግ የተገለበጠ አካሄድ ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ባይኖኩላር የሌለው አዳኝ ከቁጥቋጦ በስተጀርባ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ምንነቱን ለማወቅ የሚመለከተው በጠመንጃው መነጽር ነው፤ ይህም ማለት ገና ያልለየውን ነገር፣ ምናልባትም መንገደኛ ወይም ሌላ አዳኝ ሊሆን የሚችለውን፣ በአፈሙዝ እያነጣጠረበት ነው ማለት ነው። ዒላማውንና ከዒላማው በስተኋላ ያለውን በእርግጠኝነት ሳይለዩ ጠመንጃ አለማነጣጠር የጦር መሣሪያ አያያዝ መሠረታዊ ደንብ ነው። ይህን ደንብ በተግባር ለማክበር የሚያስችለው ዋናው ዕቃ ባይኖኩላር ስለሆነ፣ እንደ ተጨማሪ ቁሳቁስ ሊቆጠር አይገባውም።

8×42 ወይም 10×42 ተብለው የሚጻፉት ቁጥሮች ምን ያመለክታሉ?

የመጀመሪያው ቁጥር መነጽሩ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ያሳያል፤ ባለ8 መነጽር በ400 ሜትር ርቀት ላይ ያለን እንስሳ በባዶ ዓይን ከ50 ሜትር ላይ የሚታየውን ያህል አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ተነጣጥለው ብዙም አይናገሩም። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል ግን ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር፣ 42 ለ10 ሲካፈል 4.2 ሚሊ ሜትር፣ 25 ለ10 ሲካፈል ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሰው የዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ በጨለማ የወጣት ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ግን የመስፋት አቅሙ እየቀነሰ ወደ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ 10×25 የሆነች የኪስ መነጽር እኩለ ቀን ላይ ከትልቁ መነጽር እምብዛም የማታንስ ትመስላለች፤ ጀምበር ስትጠልቅ ግን የሰፋው ብሌን የሚፈልገውን ብርሃን ማቅረብ ስለማትችል ምስሏ ይጨልማል። በተቃራኒው 7×50 የሆነ መነጽር የሚያወጣው ክብ ከ7 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ዓይን ክቡን በቀላሉ እንዲያገኘው ስለሚረዳ ጥሩ ነው፤ በእግር ለሚጓዝና ብሌኑ ያን ያህል ለማይሰፋ ሰው ግን ትርፉ ክብደት ብቻ ነው።

ይህን ክብ በዓይን ማየት ይቻላል። ፀሐይን በፍጹም ሳያካትቱ መነጽሩን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙረው፣ እጅዎን ዘርግተው ከዓይንዎ ያርቁትና የኋለኛውን ሌንስ ይመልከቱ፤ በመካከሉ ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል። ክቡ እስከ ጠርዙ እኩል ብሩህ ከሆነና ዙሪያው ጥቁር ከሆነ መልካም ነው። ጎኖቹ ደብዝዘው ወደ አራት ማዕዘን ካደሉ ግን በውስጡ ያለው ፕሪዝም፣ ማለትም የተገለበጠውን ምስል የሚያቃናው መስታወት፣ ከመጣው ብርሃን ከፊሉን እያስቀረ ነው። ይህ ሙከራ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ ከመግዛታቸው በፊት የሚሞክሩት ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ያሳዝናል።

ባለ8 ይሻላል ወይስ ባለ10? ከዚያ በላይ ያለውስ?

በእጅ ተይዞ ለሚያገለግል መነጽር ከሁለቱ አንዱ በቂ ነው። በጥቅጥቅ ደንና በቁጥቋጦ መካከል ለሚንቀሳቀስ ሰው ባለ8፣ በገላጣ ሜዳና በተራራ ላይ ተቀምጦ ሩቅ ለሚመለከት ባለ10 ይስማማል። መነጽር እንስሳውን ሲያጎላ የእጅን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላዋል፤ ሽቅብ ወጥቶ ገና በሚያለከልክ ሰው እጅ ላይ ያለ ባለ12 መነጽር ብዙ ጊዜ ከባለ8 ያነሰ ዝርዝር ነው የሚያሳየው። በዚያ ላይ የእይታው ስፋት ይጠባል፤ 8×42 የሆነ መነጽር በ1000 ሜትር ርቀት ላይ ከ120 እስከ 140 ሜትር የሚሆን ስፋት ሲያሳይ፣ 10×42 የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከ105 እስከ 120 ሜትር ያሳያል። የሚሮጥ እንስሳን ለመከተል ወይም በቅጠል መካከል የጆሮን መንቀሳቀስ ለመያዝ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ባለ12ም ሆነ ባለ15 መነጽር ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሲቀመጥ ግን እጅግ ጠቃሚ ነው። ሁለቱን አመዛዝኖ መወሰን ላቃተው ገዥ የምመክረው ባለ8ን ነው።

በመልክ የሚመሳሰሉ መነጽሮች ዋጋቸው በእጅጉ የሚራራቀው ለምንድን ነው?

ልዩነቱ ከውስጥ ስለሆነ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ወይም ከመስታወት ወደ አየር በተሻገረ ቁጥር፣ ገጹ ቅብ ከሌለው፣ 4 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ባይኖኩላር በእያንዳንዱ በርሜል ውስጥ እንዲህ ያሉ ገጾች አሥርና ከዚያ በላይ ናቸው። ቅብ በሌላቸው አሥር ገጾች ያለፈ ብርሃን አንድ ሦስተኛው ጠፍቶ ነው ዓይን ዘንድ የሚደርሰው። የተንጸባረቀውም ብርሃን በቱቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በምስሉ ላይ ስስ ነጭ ጭጋግ ይጥላል፤ በጥላ ውስጥ የቆመ እንስሳ ከጀርባው ካለው ቁጥቋጦ ሳይለይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ስማኩላ ይህን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ ሠራ፤ ዛሬ በበርካታ ድርብ የሚቀባው ቅብ በእያንዳንዱ ገጽ የሚጠፋውን ብርሃን ከግማሽ በመቶ በታች አውርዶታል። እንዲህ ባሉ አሥር ገጾች ያለፈ ብርሃን 95 በመቶ ያህሉ ይደርሳል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ «ቅብ ያለው» ከሚል ጽሑፍና «ሁሉም ገጽ በብዙ ድርብ የተቀባ» ከሚል ጽሑፍ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ የመጀመሪያው አንድ ገጽ ብቻ አንድ ጊዜ ተቀብቶም ሊጻፍ ይችላል።

ሁለተኛው የዋጋ ምንጭ ፕሪዝሙ ነው። ሌንሱ የሚሠራው ምስል የተገለበጠ ስለሆነ መልሶ የሚያቃናው ፕሪዝም ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ያስመዘገበው አሠራር የፊተኛውን ሌንስ ከኋለኛው ወደ ጎን የሚያርቅ ሲሆን፣ ትከሻ ያላቸው የድሮ መነጽሮች ያን ቅርጽ ያገኙት ከዚሁ ነው። የጣሪያ ቅርጽ ያለው ፕሪዝም ደግሞ ቀጥ ያለና ቀጭን መነጽር ለመሥራት ያስችላል፤ ነገር ግን ጣሪያው ብርሃኑን ለሁለት ስለሚከፍለውና ሁለቱ ክፍሎች መልሰው ሲገናኙ ስለማይጣጣሙ የምስሉ ጥራት ይቀንሳል። ይህን የሚያርመው ፌዝ የሚባለው ልዩ ቅብ እ.ኤ.አ. በ1988 በዛይስ የቀረበ ሲሆን፣ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡት ላይም ይገኛል። ጣሪያ ፕሪዝም ያለውን መነጽር ይህ ቅብ ሳይኖረው መግዛት አይመከርም። በጣም ዝቅተኛ በሆነ ዋጋ ለሚገዛ ሰውም ትከሻ ያለው የፖሮ መነጽር በዚያው ዋጋ ከሚገኘው ቀጭን መነጽር የተሻለ ምስል የመስጠት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ መልኩ ያረጀ ቢመስልም ሊናቅ አይገባም።

ኢዲ የሚባለው መስታወት ደግሞ በብሩህ ሰማይ ፊት ባለ ቅርንጫፍ ጠርዝ ላይ የሚታየውን ሐምራዊና አረንጓዴ መስመር ይቀንሳል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከቅቡና ከፕሪዝሙ ቀጥሎ የሚታይ እንጂ የሚቀድማቸው አይደለም።

ውኃ የማያስገባና ጉም የማይዝ የሚሉት አባባሎች አንድ ናቸው?

አይደሉም። ውኃ የማያስገባው በጎማ ቀለበቶች የታሸገው ሲሆን፣ አይፒኤክስ7 የሚል ደረጃ ካለው በ1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት ይችላል ማለት ነው። ከውስጥ ጉም የማይዘው ደግሞ አየሩ ወጥቶ በደረቅ ናይትሮጅን ወይም አርጎን የተሞላው ነው፤ ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ሲወጣ በሌንሶቹ መካከል ጤዛ የሚሆን እርጥበት አይኖረውም። ከውጭ በኩል በትንፋሽ የሚመጣውን ጉም ግን የትኛውም ጋዝ አይከለክለውም።

የንባብ ወይም የርቀት መነጽር አደርጋለሁ፤ ምን ልመልከት?

ዓይን ከኋለኛው ሌንስ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት እንደሚችል የሚገልጸውን ልክ ይመልከቱ። ይህ ልክ ከ15 ሚሊ ሜትር ካነሰ መነጽር ያደረገ ሰው የምስሉን መካከል ብቻ እንጂ ዙሪያውን አያይም፤ 17 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። የዓይን ማስደገፊያዎቹም ተጠምዝዘው ወደ ውስጥ የሚገቡ መሆን አለባቸው። የአምራቹ ቁጥር ብቻ ስለማይበቃ፣ የራስዎን መነጽር አድርገው መሞከር የግድ ነው።

ባይኖኩላሩን ለዓይኔ እንዴት ላስተካክል?

በመጀመሪያ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ ድረስ በርሜሎቹን ያቀራርቡ ወይም ያራርቁ። ቀጥሎ የቀኙን ሌንስ ሸፍነው፣ ሁለቱንም ዓይን ሳይጨፍኑ፣ በመካከለኛው መዘውር የሩቅ ነገር ለግራ ዓይን ጥርት ብሎ እስኪታይ ያስተካክሉ። ከዚያ የግራውን ሸፍነው መካከለኛውን ሳይነኩ በቀኙ የዓይን ሌንስ ላይ ባለው ማስተካከያ ያው ነገር ለቀኝ ዓይን ጥርት ብሎ እስኪታይ ያስተካክሉ። በአንዳንድ መነጽሮች ይህ ማስተካከያ በመካከል ወይም በግራ ስለሚገኝ ቅደም ተከተሉ በዚያው ይለወጣል። ከዚህ በኋላ መካከለኛው መዘውር ብቻ ይበቃል። መነጽሩ ያሳምመኛል ወይም ራሴን ያዞረኛል ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን አንድም ቀን ያላደረጉ ናቸው።

ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልፈትሸው?

በደማቅ መብራት ሥር መሞከር ብዙም አይረዳም፤ በዚያ ብርሃን ሁሉም መነጽር ጥሩ ነው። የሚቻል ከሆነ ወደ ማምሻው ሄደው በሱቁ በር ላይ ቆመው፣ ሊገዟቸው ያሰቧቸውን ሁለቱን በየተራ እያነሡ በጥላ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ይመልከቱ፤ የግንድ ቅርፊት ወይም ከጣሪያ ሥር ያለ የደበዘዘ ጽሑፍ ይሁን። ቅርፊቱ ላይ ያሉት ስንጥቆች በአንዱ ተለይተው እየታዩ በሌላው አንድ ወጥ ጥቁር ከሆኑ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ማስረጃ አግኝተዋል። ሌንሱን ወደ መብራት ዘንበል አድርገው ነጸብራቁን ማየትም ይጠቅማል፤ በጥሩ ቅብ ላይ ነጸብራቁ ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነው፤ የመብራቱ ነጭ ምስል ቁልጭ ብሎ ከታየ ያ ገጽ አልተቀባም። እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብረቀርቅ ቅብ ያላቸው ርካሽ መነጽሮች ዓይን ይስባሉ፤ ቀዩን ብርሃን መልሰው ስለሚያስቀሩ ግን ምስሉን ጨለማና ሰማያዊ ያደርጉታል።

ሁለቱ በርሜሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ማየታቸውም ይፈተሽ። አንድ አግድም መስመር ሲመለከቱ መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ሁለት ሆኖ ታይቶ ወደ አንድ ከተሰበሰበ፣ መነጽሩ የተዛባ ነው፤ ዓይን ለጊዜው ያርመዋል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ራስ ምታት ሆኖ ይመለሳል።

ለጠመንጃ የሚሆን የማነጣጠሪያ መነጽር ሲመረጥ ምን ይታያል?

እዚህም ትልቅ ቁጥር የመፈለግ ልማድ አለ፤ ጉዳቱም ከባይኖኩላሩ የባሰ ነው። ከ200 ሜትር ባነሰ ርቀት ለሚተኩስ አዳኝ ከ3 እስከ 9 የሚያጎላና 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው፣ ማለትም 3-9×40 የሚባለው፣ ለአብዛኛው ሁኔታ ይበቃል። በደን ውስጥ ደግሞ ከ1 ጀምሮ እስከ 4 ወይም 6 የሚያጎላ ይሻላል፤ በቅርብ ርቀት ድንገት የወጣ እንስሳ ባለከፍተኛ ማጉያ መነጽር ውስጥ ሲታይ ጸጉር ብቻ ሆኖ የትኛው አካሉ እንደሆነ እንኳ አይለይም።

የቱቦው ውፍረት 25.4፣ 30 ወይም 34 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወፍራሙ ቱቦ የበለጠ ብርሃን ያስገባል የሚለው የተስፋፋ አስተያየት ትክክል አይደለም፤ የወፍራም ቱቦ ጥቅም በመነጽሩ ውስጥ ለማነጣጠር የሚታየው መስቀለኛ ምልክት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበትን ክልል ማስፋቱና ጥንካሬው ነው።

መስቀለኛው ምልክት የሚቀመጥበት ቦታም ይለያያል። በፊተኛው የትኩረት ገጽ፣ ማለትም በመነጽሩ ውስጥ ምስሉ ጥርት ብሎ በሚያርፍበት የመጀመሪያው ቦታ፣ ላይ ከሆነ መነጽሩ ሲጎላ ምልክቱም አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ በላዩ ያሉት የርቀት ምልክቶች በየትኛውም ማጉያ ትክክል ናቸው፤ በዝቅተኛ ማጉያ ግን ቀጭን ሆኖ በማምሻ ብርሃን ሊጠፋ ይችላል። በኋለኛው ገጽ ላይ ያለው መጠኑ አይለወጥም፤ የርቀት ምልክቶቹም የሚሠሩት በአንድ ማጉያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው፣ ብቻ ነው። ለተለመደ አደን ሁለተኛው ቀላልና በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዓይን ከመነጽሩ የሚርቅበት ልክ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ልኩ ያነሰበት መነጽር ቅንድብን የሚሰነጥቅ ምት ያሳርፋል። ኃይለኛ ጠመንጃ ለያዘና ሽቅብ ለሚተኩስ ሰው አደጋው ይብሳል። በሞላ ወይም በስፕሪንግ የሚሠራ የአየር ጠመንጃም ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመታ፣ ለዚሁ ተብሎ ያልተሠራን መነጽር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊያበላሸው ይችላል።

በማስተካከያው ላይ ያሉት «ጠቅታዎች» ስሌታቸው እንዴት ነው?

የማነጣጠሪያው መነጽር መዘውር ሲዞር የሚሰማው እያንዳንዱ ጠቅታ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ በተወሰነ ልክ ያንቀሳቅሳል፤ ልኩ የሚቆጠርባቸው ሁለት ሥርዓቶች አሉ። ኤምኦኤ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ሲሆን በ100 ሜትር ርቀት ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ብዙዎቹ መነጽሮች በአንድ ጠቅታ የዚህን ሩብ፣ ማለትም 7.3 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ሚሊራዲያን ደግሞ በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ጠቅታም ብዙውን ጊዜ የዚህ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ካረፈ፣ በሚሊራዲያኑ 6 ጠቅታ፣ በኤምኦኤው 8 ጠቅታ ወደ ላይ ይሆናል። በ200 ሜትር ላይ የአንዱ ጠቅታ ዋጋ እጥፍ፣ በ50 ሜትር ላይ ግማሽ ነው። በሜትር ለሚያስብ ሰው ሚሊራዲያን ይቀልለዋል። የትኛውም ቢመረጥ ግን መስቀለኛው ምልክትና ማስተካከያው በአንድ ሥርዓት የተሠሩ ይሁኑ፤ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ የሆነ መነጽር ሜዳ ላይ ሒሳብ ያስጀምራል።

አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ ማስተካከል አያስተማምንም፤ ሦስት ያህል ተኩሶ የተመቱበትን ቦታ መካከል ማየት ያስፈልጋል። ለአደን በሚያዘው በዚያው የጥይት ዓይነት መሆኑም አይዘንጋ።

መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙት ቀለበቶች ያን ያህል ጥንቃቄ ይሻሉ?

አዎን። ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመነጽሩ ሳይሆን የላላው ቀለበት ነው። የቀለበቱ ስፋት ከቱቦው ጋር እኩል፣ መሠረቱም ከጠመንጃው ሐዲድ ጋር የሚገጥም ይሁን፤ ብሎኖቹም የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ መፍቻ አምራቹ በጻፈው ልክ ይጥበቁ። ለቱቦው ቀለበቶች ይህ ልክ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም በጣት ኃይል በቀላሉ የሚታለፍ ትንሽ ኃይል ስለሆነ፣ ከልክ በላይ ማጥበቅ ቱቦውን ይጨፈልቀዋል።

የሌዘር ርቀት መለኪያ በማሸጊያው የተጻፈውን ርቀት በእርግጥ ይለካል?

የሚለካው የሚያንጸባርቅ ሰሌዳን ከሆነ ሊለካ ይችላል። መሣሪያው የማይታይ የብርሃን ምት ይልክና ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል፤ 150 ሜትር ርቆ ያለ ነገር ላይ ደርሶ ለመመለስ የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ይበቃዋል። የእንስሳ ጸጉር ግን ብርሃኑን ስለሚውጥና ስለሚበትን፣ በማሸጊያው 1000 ሜትር የተባለው መሣሪያ እንስሳን የሚለካው ብዙ ጊዜ ከግማሹ ባነሰ ርቀት ነው። ዝናብና ጭጋግም ያሳጥሩታል። እንስሳን የሚመለከተው ቁጥር ተለይቶ የተጻፈ ከሆነ መግዛት ያለብዎት በእርሱ ነው።

በተራራማ ቦታ ለሚያድን ሰው የተዳፋትን ማዕዘን የሚያርም መሣሪያ ይመረጣል። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 300 ሜትር የተለካ ዒላማ አግድም ርቀቱ 260 ሜትር ያህል ነው፤ የጥይቱ መውደቅ የሚመዘነውም በአግድሙ ርቀት ስለሆነ፣ በ300 ሜትር አስቦ የተኮሰ ሰው ከዒላማው በላይ ይመታል።

የሙቀት መመልከቻና የሌሊት መመልከቻ ያስፈልጉኛል?

ከሁሉ አስቀድሞ ሕጉን ይጠይቁ። በብዙ አገሮች እነዚህን መሣሪያዎች በጠመንጃ ላይ ማድረግ የተከለከለ ወይም ልዩ ፈቃድ የሚሻ ነው፤ ለመመልከት ብቻ መያዝ የሚፈቀድባቸውና እርሱም የማይፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይዞ ድንበር መሻገርም በብዙ ቦታ ቁጥጥር ይደረግበታል።

ሁለቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። የሌሊት መመልከቻ ያለውን ጥቂት የጨረቃና የከዋክብት ብርሃን ያበዛል፤ ብርሃን ጨርሶ ከሌለ 850 ወይም 940 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው መብራት ያስፈልገዋል፤ የመጀመሪያው ከምንጩ ላይ ደብዛዛ ቀይ ሆኖ ሲታይ ሁለተኛው አይታይም፤ ነገር ግን የሚደርስበት ርቀት ያንሳል። የሙቀት መመልከቻ ግን ብርሃን አይፈልግም፤ ከአካሉ የሚወጣውን ሙቀት ያያል፤ በተራ መስታወት ውስጥም አያሳይም።

ስለ ሙቀት መመልከቻ በተለይ ማስጠንቀቅ የምፈልገው አለ። አምራቾች የሚጽፉት ርቀት ሙቀት ያለው ነገር መኖሩ የሚታወቅበት ርቀት እንጂ ምንነቱ የሚለይበት አይደለም። በስክሪኑ ላይ የምትታየው ነጭ ነጥብ አጋዘን፣ ውሻ ወይም የተቀመጠ ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ለመለየት የሚቻለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ርቀት ጥቂት ክፍል ላይ ሲደረስ ነው። ስለዚህ መሣሪያው እንስሳ ለማግኘትና የቆሰለን ተከታትሎ ለመድረስ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ፣ ለተኩስ ውሳኔ ብቻውን መሠረት ሊሆን አይችልም።

ባለአንድ ዓይን ትልቁ መነጽር መቼ ያስፈልጋል?

ከአንድ ቦታ ተቀምጦ በጣም ሩቅ ለሚመለከት፣ የቀንድን ቅርጽና የእንስሳን ዕድሜ ከሩቅ መለየት ለሚሻ ሰው ነው። 20-60×80 የሆነው የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በ60 ሲጎላ የሚያወጣው የብርሃን ክብ 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በማምሻ አይጠቅምም፤ እኩለ ቀን ላይም ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ጠንካራ ማቆሚያ ከሌለ ባይገዛ ይሻላል።

ከመነጽሮች ሌላ ሊዘነጉ የማይገባቸው ቁሳቁሶች የትኞቹ ናቸው?

የጆሮ መከላከያ ቀዳሚው ነው። የአደን ጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶም የመስማት አቅምን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ለስላሳ ድምፅ አሳልፎ ኃይለኛውን የሚያግድ ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ስላለ፣ እንስሳውን ለመስማት ሲሉ ጆሮን ባዶ መተው ምክንያት አይሆንም።

ቀጥሎ ብርቱካናማ ልብስ ነው። ብዙ ሰው እንስሳው ያየኛል ብሎ ይሸሸዋል፤ አጋዘንን የመሳሰሉ ሰኮና ያላቸው እንስሳት ግን ቀለም የሚለዩባቸው የዓይን ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ብቻ ስለሆኑ ብርቱካናማውን እንደ ደበዘዘ ቀለም ነው የሚያዩት፤ ሌላ አዳኝ ግን ከሩቅ ይለየዋል። እንስሳውን የሚያስደነግጠው እንቅስቃሴና ጠረን ነው፤ ለጠረኑ ደግሞ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ጥቂት ደቃቅ ዱቄት በትንሽ ጠርሙስ መያዝ በብዙ ገንዘብ ከሚሸጡ ጠረን ማጥፊያዎች ይልቅ ይረዳል።

ባይኖኩላሩን በአንገት ማንጠልጠል ያደክማል፤ 700 ግራም ያህል የሚመዝነውን ዕቃ በደረት ላይ የሚይዝ ማንገቻ ትንሽ ዋጋ አውጥቶ ብዙ ዕረፍት የሚሰጥ ነው። ቢላዋ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የማይታጠፍ ስለት ያለውና በሣር ውስጥ ቢወድቅ የሚታይ ደማቅ እጀታ ያለው ይሁን። የሚጣል ጓንት፣ የግንባር መብራት ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ እንዲሁም ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ያለበት የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳ ይያዙ፤ ማሰሪያውንም አጠቃቀሙን ሳይማሩ መያዝ አይበቃም።

ያገለገለ መነጽር መግዛት ተገቢ ነው?

በጥንቃቄ ከሆነ ተገቢ ነው፤ የጥሩ ኩባንያ አሮጌ መነጽር ከርካሽ አዲስ መነጽር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ከፊት በኩል የእጅ ባትሪ እያበሩ ከኋላ ሲመለከቱ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ቅቡን ስለሚበላ አይግዙት። ውጫዊ ጭረት በምስሉ ላይ እምብዛም ጉዳት የለውም። ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ ግን የበርሜሎቹ መዛባት ከላይ በተገለጸው አግድም መስመር ይፈተን፤ ማቃናቱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሌንሱን እንዴት ላጽዳ? እንዴትስ ላስቀምጥ?

ሌንስን የሚጎዳው አቧራው ሳይሆን አቧራውን በጨርቅ ማሸት ነው፤ በሸሚዝ ጫፍ የሚያሽ ሰው የአሸዋ ቅንጣትን ቅቡ ላይ እየጎተተ ነው። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ይነፋ፤ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለሌንስ በተዘጋጀ ፈሳሽ የረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ከመካከል ወደ ጠርዝ እየተዞረ ይጠረጋል። ጭቃ ከነካውና መነጽሩ ውኃ የማያስገባ ከሆነ አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይሻላል።

እርጥብ ሆኖ ከሜዳ የተመለሰ መነጽር በማኅደሩ ውስጥ ተዘግቶ መዋል የለበትም፤ ክዳኖቹ ተከፍተው ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ከዚያም እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጋር ይቀመጥ። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ደግሞ ያለክዳን አይተው፤ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ውስጡን ሊያቃጥል፣ አጠገቡ ያለውን ወረቀትም ሊያነድ ይችላል።